የጨጓራ ሕመምና የምርመራው ታሪክ

በአገራችን ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ እስከ ገበሬው ጎጆ ድረስ «ጨጓራዬን አመመኝ» የሚል ቃል የማይሰማበት ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ጨጓራ የአካል ስም ሆኖ ሳለ የበሽታም ስም ለመሆን በቅቷል። ሕመምተኛው ተልባና አብሽ እየጠጣ፥ በርበሬ እየተወ ብዙ ዓመት ከሕመሙ ጋር ይኖራል፤ ጎረቤቱም «የጎዳህ ሐሳብ ነው፤ አታስብ» እያለ ይመክረዋል። ይህን የመሰለ ምክር የሚሰጥ የመንደር ሰው ብቻ አልነበረም፤ በሠለጠነው ዓለም የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞችም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከዚህ እምብዛም ያልራቀ ነገር ያስተምሩ ነበር። ይህ አስተሳሰብ እንዴት እንደ ጸናና እንዴት እንደ ወደቀ መመልከት ስለ በሽታውም ስለ ዕውቀት መንገድም ብዙ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጨጓራ በሆድ የላይኛው ክፍል ወደ ግራ አዘንብሎ የሚገኝ የጡንቻ ከረጢት ነው። የወረደለትን ምግብ እያሸና ከግድግዳው በሚያመነጨው አሲድ እያላመ ወደ አንጀት ያሳልፋል። አሲዱ ሥጋን የሚያሟሟ ብርቱ ነገር ሲሆን ጨጓራውን ራሱን የማይበላው ውስጡ በሚያዳልጥ ሽፋን ስለ ተለበጠ ነው። ሽፋኑ የተጎዳ እንደ ሆነ ግን አሲዱ ወደ ገዛ ቤቱ ይመለሳል። በመጀመሪያ ግድግዳው ይቀላል፥ ያብጣልም፤ ጉዳቱ ጠልቆ ሲቦረቡር ቍስል ይሆናል። ቍስሉ የደም ሥር ሲያገኝ ይደማል፤ ሰውየውም ይገረጣል፥ ይደክማል፥ ዓይነ ምድሩም እንደ ሬንጅ ይጠቍራል። ግድግዳው ጨርሶ የተበሳ እንደ ሆነ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስ በቶሎ ካልታከመ ለሞት ያደርሳል።

በሕያው ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ተከታትሎ ለመመልከት ዕድል የተገኘው በአደጋ ምክንያት ነው። በጁን 6 ቀን 1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት፥ አሌክሲስ ሴይንት ማርቲን የተባለ፥ የአውሬ ቆዳ በሚነግድ ኩባንያ የሚሠራ ካናዳዊ ወጣት፥ ሳይታሰብ በባረቀ ጠመንጃ ግራ ጎኑን ተመታ። የጦር ሠራዊቱ ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ይሞታል ብሎ ሲጠብቅ ወጣቱ ዳነ፤ ነገር ግን ወደ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ ሳይገጥም ቀረ። ቦሞንት ከ1825 ጀምሮ በዚህ ቀዳዳ ምግብ በሐር ክር አስሮ እያስገባና እያወጣ፥ በስንት ሰዓት እንደሚልም ጻፈ። ፈሳሹንም ቀድቶ በብርጭቆ ውስጥ ሥጋ እንዲያሟሟ አደረገ። በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ ንዴት የምግብን መፈጨት እንደሚያውክ ገለጸ። ደግሞም ሰውየው ለብዙ ቀን አልኮል በጠጣ ጊዜ የጨጓራው ግድግዳ ቀልቶና ቈስሎ ሳለ፥ ባለቤቱ እምብዛም ሕመም እንዳልተሰማው አየ።

ይህ ዕውቀት በድኻ ሰው ሥቃይ የተገዛ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ሴይንት ማርቲን በ1880 ሲሞት ቤተ ሰቡ ሐኪሞች ሬሳውን እንዳይወስዱት ፈርተው፥ እስኪፈርስ አቆይተው በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት።

የአሲዱ ኃይል ከታወቀ በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በአሲድ ላይ ተጣለ። በ1910 ሽዋርትስ የተባለ ሐኪም አሲድ በሌለበት ቍስል እንደማይኖር አስተማረ። በ1915 በቺካጎ ሲፒ የተባለው ሐኪም ለሕመምተኞች በየሰዓቱ ወተትና ክሬም፥ ከዚህም ጋር አሲድ የሚያበርድ መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ። ሌሎችም የጨጓራውን ክፍል በኦፐራሲዮን ቈርጠው ያወጡ ነበር። አሲዱ ለምን በዛ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሐሳብ፥ ጭንቀትና የሥራ ብዛት ሆነ። እንግዲህ በሽተኛው ሕመሙን ከመሸከሙ በላይ የሕመሙ ምክንያት አንተው ነህ የሚል ፍርድ ተጨመረበት። በ1976 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ የቀረበው ሲሜቲዲን አሲዱን ቀንሶ ቍስሉን ያድን ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቍስሉ በብዙዎቹ ላይ ይመለስ ነበር።

ሌላ መንገድ የፈለገ ሰው አልጠፋም። በግሪክ አገር በሚሶሎንጊ ከተማ ዮሐንስ ሊኩዲስ የተባለ ሐኪም ከ1958 ጀምሮ የጨጓራን ቍስል ባክቴሪያን በሚገድል መድኃኒት ያክም ነበር። የተከፈለው ዋጋ ግን ምስጋና አልነበረም፤ በ1968 ገንዘብ ተቀጣ።

በ1979 በአውስትራልያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፥ ካበጠ ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎች አየ። ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1981 ተባበረው። ባክቴሪያውን ለማራባት ብዙ ጊዜ ሞክረው ሳይሆን ቀረ፤ በ1982 ግን በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳሕኖቹ ከልማዱ በላይ አምስት ቀን ስለ ቈዩ በቅሎ ተገኘ። አሲድ ባለበት ሕይወት አይኖርም ይባል ነበርና ብዙዎች አላመኑም። ማርሻልም በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ አቅለሸለሸው፥ አስመለሰውም፤ ሲመረመርም ጨጓራው አብጦ ባክቴሪያው ተገኘበት። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ይህ ባክቴሪያ አሞንያ እየሠራ በዙሪያው ያለውን አሲድ ስለሚያበርድ በዚያ መኖር ይችላል። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ባክቴሪያ በዓለም ካለው ሕዝብ ወደ ግማሽ በሚጠጋው ሰው ጨጓራ ውስጥ እንደሚኖር ይገመታል፤ ብዙውን ጊዜም በልጅነት፥ ንጹሕ ውሃ በጐደለበትና ብዙ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቤት ይተላለፋል። አብዛኛው ሰው አይታመምም፤ አንዳንዱ ግን ይቈስላል፥ ጥቂቱም የጨጓራ ነቀርሳ ይይዘዋል። እንደ አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተርም ቍስል ያመጣል። ተልባውና አብሹ የሲፒን ወተት ይመስላሉ፤ ቢያስታግሱም ባክቴሪያውን አይገድሉም። ስለዚህ ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው ይመርመር፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ሳያቋርጥ ይጨርስ። ጥቍር ዓይነ ምድር ወይም ደም ያለበት ትውከት ያየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለሐኪም ብቻ አይደለም። ቦሞንት ያየውን ጻፈ፤ ዋረን ያየውን አልካደም። በመካከላቸው ያለፉት ብዙ ዓመታት ግን ሁሉም ስለ ተስማማበት ብቻ እውነት የመሰለ ነገር ነገሠባቸው፤ ዕዳውንም የከፈለው በሽተኛው ነው። ፋይል ከፍቶ በሌላው ጉዳይ ላይ የሚወስን ሹም፥ ተማሪውን ሰነፍ ነው ብሎ የሚፈርድ መምህርም፥ ከመፍረዱ በፊት መመርመር እንዲገባው ከዚህ ይረዳል።