ከፍል ውኃ እስከ ኮሪደር፦ የካዛንቺስና የቂርቆስ ሕዝብ ስብጥር ቅኝት

የካዛንቺስና የቂርቆስ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ፣ አዳራሹና ሆቴሉ ቀድመው ይነገራሉ። ይህ ቅኝት ግን የሚነሳው ከነዋሪው ነው፤ ማን መጣ፣ መቼ መጣ፣ ከማን ጋር ተጎራበተ? በነዚህ ሰፈሮች የተፈራረቁ መንግሥታት ለሰው ቦታ ሲያድሉ የኖሩት በማዕረግ፣ በዘር ወይም በሥራ ደረጃ ነው። የተለያየውን ሰው አንድ ሰፈርተኛ ያደረገው ግን ጉርብትና ነው።

መነሻው ከከተማይቱ መቆርቆር ይቀድማል። አካባቢው ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የተባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች የሚኖሩበት ምድር ነበር፤ የጎሣዎቹ ስም ዛሬም የቦታ ስም ሆኖ ይጠራል። ፊንፊኔ የሚለው ስያሜ ከፍል ውኃው ጋር የተያያዘ ነው፤ ፍል ውኃ ደግሞ ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት ቅርብ ቦታ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወድደው በአቅራቢያው ቤት ካሠሩና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በግቢያቸው ዙሪያ ያለውን መሬት ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ አደሉ። በዚህም የመሬቱ ባለቤትነትና የነዋሪው ማንነት አብረው ተለወጡ።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የዚያን ዘመን አሠራር ይነግረናል፤ ጦር የሰፈረበት ቦታ ማለት ነውና። አንዱ መኮንን ከነወታደሩ፣ ከነአሽከሩና ከነቤተ ዘመዱ ሲሰፍር በዙሪያው መንደር ይፈጠራል። የሸዋ አማራና ኦሮሞ፣ የጎጃም፣ የወሎና የትግራይ ሰው በአንድ ጌታ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። በፈቃዱ ያልመጣም ነበር፤ ከ1887 ዓ.ም. የወላይታ ዘመቻ በኋላ ብዙ ምርኮኞች ወደ ከተማይቱ ተወስደዋል። ከጉራጌ አገር ደግሞ እንጀራ ፍለጋ የመጡት በቀን ሥራ ጀምረው በንግድ ተቋቋሙ። ባጭሩ፣ የመጀመሪያውን ስብጥር የፈጠሩት ዘመቻ፣ አገልግሎትና የሥራ ፍለጋ ናቸው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የአገሪቱ በር ሆነ። ጣቢያው «ለገሃር» የሚለውን ስም ከፈረንሳይኛ ወሰደ። በሐዲዱና ሐዲዱ ባመጣው ሥራ ምክንያት ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶችና የየመን ዓረቦች በከተማይቱ በረከቱ፤ አንዳንዱ ግንበኛ፣ አንዳንዱ ነጋዴ ነበር። ኦሎምፒያ የሚለው የሰፈር ስም ግሪኮች በዚያ ከመሠረቱት ክለብ የቀረ ነው።

ሦስተኛው ዘመን ጨለማ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ከተማይቱን በዘር ለመክፈል ዕቅድ አወጣች፤ ለነጩ የራሱ ሰፈር፣ ለአገሬው የራሱ ገበያና መንደር። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር በሕግ ተከለከለ። የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚሠራው ተቋም ምህጻረ ስሙ ኢንቺስ ነበር፤ ለኢጣሊያ ሹማምንት የሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ በሕዝብ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ለዝቅተኛው ሠራተኛ የታሰቡት ቤቶች ደግሞ ፖፖላሬ የሚለውን ስም አተረፉ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ዕቅዱ አብሮት ሄደ፤ ለነጭ ብቻ የተባለው ቤት ለኢትዮጵያዊው ክፍት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለአፍሪካ ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። ጋናዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ግብፃዊው በካዛንቺስ አስፋልት መታየት ጀመረ። በሰፊው መንገድ ዲፕሎማቱ፣ በውስጥ ለውስጡ ጭቃ ቤት ደግሞ ጫኝና አውራጁ፣ የጠጅ ቤት እመቤቷ፣ ሊስትሮው፣ ልብስ ሰፊው ይኖር ነበር። ይህ የባለጸጋና የድኃ መቀራረብ የካዛንቺስ መለያ ሆኖ ቆየ።

የ1966ቱ አብዮት ሌላ ሽግግር አመጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የአከራይና የተከራይን ሥርዓት ሰበረ። ብዙ ግሪኮችና አርመኖች ንብረታቸውን አጥተው ተሰደዱ፤ የውጭ አገር ተወላጁ ቁጥር መነመነ። በሌላ በኩል የቀበሌ ቤት ኪራይ ርካሽ በመሆኑ ድኃው ለሁለትና ለሦስት ትውልድ መሀል ከተማ መኖር ቻለ። በአንድ ግቢ የወልቂጤው፣ የመንዙ፣ የወሊሶውና የአድዋው ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ ቀድተው፣ በአንድ ማድ ቤት ጋግረው ልጅ አሳደጉ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወደ 221 ሺህ ሰው ነበረው። በመላ አዲስ አበባ አማራ 47 በመቶ፣ ኦሮሞ ከ19 በመቶ በላይ፣ ጉራጌ 16 በመቶ፣ ትግራዋይ 6 በመቶ ገደማ ሆነው ተመዘገቡ፤ ስልጤ፣ ጋሞና ሌሎችም ይከተላሉ። በዚያ ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። የሰፈር ዕድር መዝገብ ላይ ግን የሚገኘው ስምና የወር መዋጮ ነው። ሌሊት ጡሩምባ ሲነፋ የሟቹን ብሔር የሚጠይቅ የለም፤ ድንኳን የሚተክለው ይተክላል፣ አግዳሚ የሚሸከመው ይሸከማል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። በእኔ እምነት የሰፈሩ እውነተኛ የሕዝብ ስብጥር የሚነበበው በዚህ መዝገብ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መንገድ የሚያሰፋውና ሰፈር የሚያድሰው የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲደርስ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች ተዛወሩ። የመንገዱ መስፋት፣ የቤቱ ንጽሕና፣ የየቤቱ ሽንት ቤትና ውኃ ለነዋሪው የሚገባው ነው። ሆኖም ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ፣ ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ መቶ ዓመት የፈጀ ስሪት በወራት ይላላል።

ከዚህ ረጅም ጉዞ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘመቻው፣ ሐዲዱ፣ ወራሪውና አዋጁ ሰውን ወደ ካዛንቺስና ቂርቆስ አመጡት ወይም ከዚያ አስወጡት፤ ያዋሐደው ግን አብሮ መቅበርና አብሮ መዳር ነው። ስለዚህ ሰፈር ሲነሳ ዕድሩም አብሮ ይነሳ፤ በአንድ ግቢ የኖሩት በአዲሱም መንደር ጎን ለጎን ይመደቡ። የካዛንቺስ ሰው ዛሬ ከከተማይቱ በፊት በዚህ ምድር የኖረውን የገላንን ጎሣ ስም በያዘ መንደር አዲስ ሕይወት ጀምሯል። የሚቀጥለው የታሪክ ምዕራፍ የሚጻፈው በዚያ፣ ከሌላ ሰፈር ከመጣው ጎረቤቱ ጋር በሚከፍተው የዕድር መዝገብ ነው።