የሚያበራው ወርቅ ሪያድ ሲገባ

እስኪ ስሙኝማ! የሪያድን ወርቅ የማያውቅ ሐበሻ አለ? ከመንፉሃ ሰፈር ወጥታ ዲራ ገበያ የወረደች፣ ያጠራቀመችውን ደሞዝ በአምባርና በሐብል ለውጣ አገሯ የገባች እህታችን ስንት ናት! የዛሬው ወሬዬ ግን በዓይን ስለማይታይ ወርቅ ነው።

ነገሩ ሲንጋፖር ይጀምራል። በፈረንጆቹ 2009 ፕሮፌሰር ጃኪ ዪንግና ባልደረቦቻቸው ከላም ደም የተገኘ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ከወርቅ ጨው ጋር ውኃ ውስጥ ቀላቀሉ። ጥቂት ቆይተው ኮስቲክ ሶዳ ጨመሩበትና በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰው ገላ ሙቀት፣ 12 ሰዓት አቆዩት። ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ እየጠቆረ ሄዶ ቡናማ ሆነ። አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበትስ? እንደ ፍም ቀላ! ፕሮቲኑ 25 የወርቅ አተሞች አቅፎ ነበር።

የጣት ቀለበት እንዲህ አያበራም። ወርቅ አተሞቹ ጥቂት ሲሆኑ ብረትነቱን ይተዋል። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ልብ መፍሰሳቸው ቀርቶ በየደረጃው ይቀመጣሉ፤ ብርሃን ሲነካቸው ሽቅብ ይዘላሉ፣ ሲመለሱ የራሳቸውን ቀለም ይለቃሉ። ስስ ሽፋን ካለው ደግሞ ትንሽነቱ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት እንዲያስወጣው ይረዳል። ዕጢ ላይ ሲጠራቀም በብርሃኑ ዕጢውን ያሳያል። አንዳንዱ ዓይነት ብርሃን ሲያርፍበት ጉልበቱን ለኦክስጅን ያስተላልፍና የካንሰሩን ሕዋስ ያስገድላል። በሽታውን የሚያሳይም የሚመታም አንድ ነገር! እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው።

ሪያድስ? የንጉሥ ፋይሰል ሽልማት የሚሰጠው እዚያ ነው። በ1990 ከተሸለሙት አንዱ ግብፅ የተወለዱት ኬሚስት ሙስጠፋ ኤል-ሰይድ ነበሩ። እሳቸው ኋላ ከሐኪም ልጃቸው ጋር ሆነው ተለቅ ያሉ የወርቅ ቅንጣቶችን በሌዘር እያጋሉ የካንሰር ሕዋስ መግደል እንደሚቻል አሳዩ። በ2023 ደግሞ ተራው የጃኪ ዪንግ ሆነ፤ የሳይንሱን ሽልማት ከሌላው ሳይንቲስት ከቻድ ሚርኪን ጋር ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ ዪንግ በዚያው ከተማ በንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታልና የምርምር ማዕከል ይሠራሉ።

ልብ በሉ ታዲያ፣ የእነዚህ ጥቃቅን የወርቅ አተም ስብስቦች ምርምር እስካሁን አብዛኛው በሕዋስና በአይጥ ላይ ነው። ቀይ ብርሃናቸውም ሥጋ ውስጥ ጠልቆ አይሄድም። ስለዚህ መንፉሃም ሁኑ መርካቶ፣ «በወርቅ ካንሰር አድናለሁ» የሚል ነጋዴ ቢመጣባችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት። ገላችሁ ላይ እብጠት ከዳሰሳችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።