የመተማ መስመር፦ ከኬላ ማለፊያ እስከ ግሪን ካርድ

የመተማ መስመር ከጎንደር ተነስቶ በአይከል፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር የሚገናኘው የምዕራብ ጎንደር መንገድ ነው። ሁለቱን የድንበር ከተሞች የሚለያቸው አንድ አጭር ድልድይ ሲሆን የድንበሩ መሠረት በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ነው። መንገዱ ከሰሊጥና ከጥጥ ንግድ ሌላ በሰው ፍልሰት ይታወቃል። በመስመሩ ላይ ሦስት ዓይነት ወረቀት አለ፦ የሚያሻግር፣ የሚያስቀምጥና ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስድ። ሦስቱን የሚሰጡት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ አንዱም የሌላውን ሥራ አይሠራም። ደላላ ገበያ የሚያገኘው ከሁሉ በላይ ይህ ሲምታታ ነው።

ወደ ሱዳን የሚደረገው ጉዞ የቆየ ነው። በአካባቢው ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ወቅቱን ተከትሎ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ሲሻገር ኖሯል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን መንገዱ የፖለቲካ ስደተኛም መንገድ ሆነ። የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) በመተማና በሁመራ በኩል ባካሄደው ውጊያ፣ በቀይ ሽብርና ቀጥሎ በመጣው ድርቅ የተነሳ ብዙ ሰው ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ኡም ራኩባን የመሳሰሉ ካምፖች የዚያ ዘመን ናቸው፤ ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፍቷል። ከጎንደር ገጠር በእግር የወጡ ቤተ እስራኤላውያንም ከሱዳን ካምፖች በዘመቻ ሙሴ በ1977 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ተወስደዋል። አሜሪካ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ሱዳን የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ ሄደው ሰፈሩ። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የብዙ ቤተሰቦች የመጀመሪያ ፋይል የተከፈተው በገዳሪፍ ወይም በካርቱም ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ፍሰቱ አቅጣጫ ቀየረ። በመተማ ዮሐንስ ኬላ ከ60 በላይ አገሮች ዜጎች የገቡ ሲሆን፣ የሕጉ አሠራር በግልጽ የታየውም ያኔ ነበር። በአንድ አውቶቡስ የመጡ ሰዎች ኬላው ላይ ሲደርሱ የተለያየ ሕግ ይጠብቃቸዋል። ኢትዮጵያዊው ተመላሽ ነው፤ ፓስፖርት ከሌለው ዜግነቱ ተረጋግጦ ይገባል እንጂ ቪዛ አይጠየቅም። ሕንዳዊው ወይም ግብፃዊው ወደ አገሩ የሚያልፍ መንገደኛ ሲሆን ጉዳዩን የያዘው ኤምባሲው ነው፤ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አይኦኤም በመጓጓዣ ያግዘዋል። ሱዳናዊው ሁለት መንገድ አለው፦ ቪዛ ይዞ እንደ ጎብኚ መግባት ወይም ጥገኝነት መጠየቅ። ገንዘብ ያለው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን መርጦ አዲስ አበባ ይገባል፤ ቪዛው ሲያልቅ ግን የማደሻ ክፍያውና የመዘግየት ቅጣቱ በዶላር ይቆጠርበታል። ቀድሞ ሱዳን ውስጥ ስደተኛ የነበረው ደቡብ ሱዳናዊና ኤርትራዊ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ።

ጥገኝነትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። አዋጁ ጳጉሜ 1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ይከተላል፤ ስለዚህ በግሉ የሚሳደደውን ብቻ ሳይሆን በአገሩ ጦርነት ወይም የጸጥታ መፍረስ የተነሳ የሸሸውንም ስደተኛ ይለዋል። ማንም ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ በግድ አይመለስም። ያለ ቪዛ መግባቱም ሳይዘገይ ቀርቦ ምክንያቱን እስካስረዳ ድረስ አያስቀጣውም። ውሳኔውን የሚሰጠው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው እንጂ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ በተለምዶ ዩኤን የሚባለው፣ አይደለም። ከመተማ የተመዘገቡት ወደ ኩመርና አውላላ ጣቢያዎች ተወሰዱ። ጣቢያዎቹ ላይ ጥቃትና ዘረፋ ስለተደጋገመ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ስደተኞች ለደኅንነታቸው ሲሉ ለቀው ወጡ፤ በኋላ አፍጢት የተባለ ሌላ ሰፈር ተከፈተ። ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ ከጥበቃ ኃይሉ አቅም በላይ እንደሆነ እዚህ ላይ መታዘብ ይቻላል።

የስደተኛ መታወቂያ የሚያስቀምጥ ወረቀት እንጂ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ አይደለም። በሦስተኛ አገር መስፈር፣ ማለትም ሪሴትልመንት፣ ማመልከቻ አስገብተው የሚያገኙት ነገር ሳይሆን ኮሚሽኑ ራሱ መርጦ ለተቀባይ አገር የሚያቀርበው ጉዳይ ነው፤ አገልግሎቱም በነፃ ነው። ወደ አሜሪካ ሲሆን ኬዙ ናይሮቢ ባለው የፕሮግራሙ የአፍሪካ ጽሕፈት ቤት ይዘጋጅ፣ የኢሚግሬሽን መኮንን ቃለ መጠይቅ ያደርግ፣ ከዚያ የጤናና የጸጥታ ምርመራ ይከተል ነበር። የአውሮፕላን ቲኬቱ እንኳ ስጦታ ሳይሆን ከደረሱ በኋላ ያለ ወለድ የሚከፈል ብድር ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ይህ የአሜሪካ የማስፈር ፕሮግራም ሲታገድ ቲኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ባሉበት ቀሩ።

ስደተኛ ላልሆነው የኮኪት ወጣት የሚታየው በር ዲቪ ነው። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ ሕግ ያቋቋመው ይህ ዕጣ በዓመት እስከ 50,000 ቪዛ የሚመድብ ሲሆን አንድ አገር ከዚህ ከ7 በመቶ በላይ ማግኘት አይችልም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ የሞላ ከውድድር ይወጣል። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆች ካሉትም ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑት በሙሉ፣ አብረው ባይሄዱም፣ መመዝገብ አለባቸው፤ የቀረ ስም በቃለ መጠይቅ ጊዜ ቪዛውን ያስከለክላል። ዕጣው መውጣቱን የሚያሳየው ሲሞላ የሚሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ለሞላለት የኢንተርኔት ቤት ትቶ የሚሄድ ሰው ዕድሉን ትቶ መሄዱ ነው፤ ቁጥሩ በእጃቸው የቀረ ሰዎች አሸናፊውን ገንዘብ ወይም የሐሰት ጋብቻ ይጠይቁታል።

በድንበር አካባቢ ሁለት ጥያቄዎች ሰውን ያደናግራሉ። አንደኛው የትውልድ አገር ነው። ዲቪ የሚያየው ዜግነትን ወይም መኖሪያን ሳይሆን የተወለዱበትን አገር ነው። ወላጆቹ ለሥራ ገዳሪፍ ሳሉ የተወለደ የኮኪት ልጅ የትውልድ አገሩ ሱዳን ይባላል። የወላጆቹን አገር መጠቀም የሚችለው ሁለቱም ሱዳን ያልተወለዱና በዚያን ጊዜ ነዋሪዎቿ ያልነበሩ ከሆነ ነው። ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፎርሙ ላይ ኦክቶበር 16፣ 2007 ተብሎ መጻፍ አለበት። ሞላዩ 2000ን እንዳለ ከገለበጠው ልጁ በወረቀት ላይ በሰባት ዓመት ያረጃል፣ ከ21 ዓመት በላይ ሆኖም ከአባቱ ፋይል ይወጣል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ማስረጃውን የሚያወጣው ዘግይቶ፣ ከክርስትና ወረቀት ወይም ከምስክር ተነስቶ ነው። ቀኑ ከፓስፖርቱና ከትምህርት ማስረጃው ጋር መግጠሙን ማየት ያለበት ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ነው።

አሜሪካ ከገቡ በኋላም ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ። የዲቪ ባለቪዛ ከቪዛው ክፍያ ሌላ ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚከፈለውን የኢሚግራንት ክፍያ ከፈጸመ ግሪን ካርዱ በፖስታ ይደርሰዋል። በስደተኝነት የገባው ግን አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ራሱ ማመልከት አለበት። መተማ ወይም ገዳሪፍ ትቶት የሄደውን የትዳር ጓደኛና ያላገባ ከ21 ዓመት በታች ልጅ ለማስመጣት ያለው ጊዜ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ብዙዎች ግሪን ካርዱን ወይም ዜግነቱን ሲጠብቁ ይህ ጊዜ ያልፍባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተለመደው የቤተሰብ ማመልከቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል።