ስለ ታሊዶማይድ መድኀኒት የተነሣው ጥያቄ

በስኮትላንድ ውስጥ ቱሪፍ በተባለች ትንሽ ከተማ ዶክተር ሌስሊ ፍሎረንስ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። በ1960 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከበሽተኞቻቸው መካከል አራቱ ተመሳሳይ ሕመም ነገሯቸው። በመጀመሪያ እግራቸውን፥ ቈይቶም እጃቸውን ይደነዝዛቸዋል፥ እንደ መርፌም ይወጋጋቸዋል፤ ጣቶቻቸው ይገረጣሉ፥ ይቀዘቅዛሉ፤ ሌሊትም ባታቸው ይኰማተራል።

መደንዘዝ ከብርድም፥ ከስኳር በሽታም፥ ከእርጅናም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ አንዱን ምክንያት ሰጥተው ቢያሰናብቷቸው ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። እርሳቸው ግን አራቱን የሚያገናኘውን ነገር ፈለጉ፤ አራቱም ለብዙ ጊዜ ማታ ማታ ለእንቅልፍ ታሊዶማይድ የሚባል ኪኒን ሲውጡ የኖሩ መሆናቸውን አገኙ። ይህ መድኀኒት በምዕራብ ጀርመን ግሩነንታል የተባለው ፋብሪካ በ1957 ለገበያ ያቀረበው ነው። በብዛት ቢዋጥ እንኳ ሰው አይገድልም እየተባለ ስለ ተመሰገነ፥ ማቅለሽለሽ ለሚያስቸግራቸው እርጉዞች ሳይቀር ይሰጥ ነበር።

ፍሎረንስ በሽተኞቻቸው ኪኒኑን እንዲተዉ አደረጉ፤ ወራት ካለፉ በኋላም ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ከዚህ በኋላ ያዩትን በአጭር ደብዳቤ ጽፈው ለብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላኩ፤ ደብዳቤውም ዲሴምበር 31 ቀን 1960 ታተመ። ሰውየው አልፈረዱም። መድኀኒቱ ለእንቅልፍ እጅግ የሚረዳ መሆኑንም አልካዱም፤ ሌሎች ሐኪሞች እንደዚህ ያለ ነገር አይተው እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁ።

ነገሩን የጠረጠሩት ግን እርሳቸው ብቻ አልነበሩም። በጀርመን ከ1959 ጀምሮ ስለ ነርቭ ጉዳት ለፋብሪካው የጻፉ ሐኪሞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ለፋብሪካው የተላከው ደብዳቤ በፋብሪካው መዝገብ ውስጥ ሲቀር፥ በመጽሔት የወጣው ባሕር ተሻገረ።

በዚያን ጊዜ በዋሺንግተን የምግብና የመድኀኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ የሚባሉ ሴት ይሠሩ ነበር። በኦገስት 1960 ተቀጠሩ፤ በሚከተለው ወርም ታሊዶማይድን በአሜሪካ ለመሸጥ የቀረበው ማመልከቻ ደረሳቸው። በሕጉ መሠረት መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ፈቃዱ እንደ ተሰጠ ይቈጠራል፤ ማስረጃው ያልተሟላ ነው ብሎ ከጻፈ ግን ቀኑ እንደ ገና ይጀምራል። መዝገብ ሲያገላብጡ የሚውሉ አንባቢዎቼ ይህን ሥርዐት ያውቁታል። ባለጉዳይን ማጉላላት የሚያስወቅስ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ኬልሲ ግን መዝገቡን በመለሱ ቍጥር ምን እንደ ጐደለ ለይተው ይጽፉ ነበር። በፌብሩዋሪ 1961 የፍሎረንስን ደብዳቤ አነበቡ። የኩባንያው ሰዎች በጕብኝትም በስልክም ሲያጣድፏቸው፥ እርሳቸው ጥያቄ ጨመሩ፦ የዐዋቂን ሰው ነርቭ የሚጐዳ መድኀኒት በማሕፀን ያለውን ፅንስ ምን ያደርገዋል?

መልሱ በኖቬምበር 1961 ከሐምቡርግ መጣ። የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ቪዱኪንድ ሌንስ፥ ክንድና እግራቸው ሳይሟላ የተወለዱትን ሕፃናት እናቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው፥ ብዙዎቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ታሊዶማይድ መዋጣቸውን ደረሱበት። በዚያው ወር መጨረሻ ፋብሪካው መድኀኒቱን ከጀርመን ገበያ አነሣ። በዓለም ላይ ግን ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጐድተው ነበር። በአሜሪካም ኩባንያው አስቀድሞ ለሐኪሞች ለሙከራ ባደለው ኪኒን ምክንያት ጥቂት ሕፃናት ተጐዱ፤ የኬልሲ ብዕር ወደዚያ አልደረሰም።

በ1964 ብሪታንያ ለሐኪሞቿ ቢጫ ካርድ አደለች። ሐኪሙ በዚያ ላይ የሚጽፈው ያረጋገጠውን ብቻ ሳይሆን የጠረጠረውንም ነው። በአገራችንም ለዚሁ ጕዳይ ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀው ወረቀት ቢጫ ነው፤ የመድኀኒቱን ስም፥ የተጀመረበትንና የቆመበትን ቀን፥ ከቆመም በኋላ ሕመሙ ቀለል ብሎ እንደ ሆነ ይጠይቃል።