የዝግ ሕንፃ አየር፦ ስለ ነዳጅ ቍጠባና ስለ ሠራተኛ ጤና የተደረገው ክርክር ታሪክ

ሰው ቤት ሲሠራ ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን በአንድነት ይሻል፤ ይኸውም ሙቀቱ እንዲቈይለትና የተነፈሰው አየር እንዲወጣለት ነው። አየሩ ሲወጣ ሙቀቱም አብሮ ስለሚወጣ፣ አንዱን ለማግኘት ከሌላው መቀነስ ግድ ይሆናል። ይህ አጭር ጽሑፍ ክርክሩ በአሜሪካ የቢሮ ሕንፃዎች እንዴት እንደ ተካሄደ ይመረምራል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሙኒኩ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 ባሳተመው ጥናት፣ በክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጅ አንድ እጅ ሊበልጥ አይገባም ሲል ወሰነ። ይህን ማለቱ ጋዙ በዚያ መጠን መርዝ ነው ብሎ አልነበረም፤ ከሰው ገላና ትንፋሽ የወጣው የማይታይ እድፍ ምን ያህል እንደ ተከማቸ የሚመሰክር ምልክት አድርጎ ስለ ወሰደው ነው እንጂ። በአሜሪካም ሐኪሙ ጆን ሾው ቢሊንግስ ከበሽታ መተላለፍ ፍርሃት የተነሣ ብዙ አየር እንዲገባ አጥብቆ መከረ፤ የማሞቂያና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበርም በ1895 ለአንድ ሰው በደቂቃ 30 ኪዩቢክ ጫማ ንጹሕ አየር የሚለውን ልክ ተቀበለ።

በ1936 የሐርቫርዱ ያግሉ ጉዳዩን በሽታን ትቶ በማሽተት መዘነው። በክፍሉ የቈየ ሰው ሽታውን ስለሚለምደው፣ ፈራጁ ከውጭ የሚገባው እንግዳ ሆነ። ከዚህ በኋላ የአየር ልክ ከጤና ይልቅ በደስታና በምቾት የሚለካ ነገር መሰለ፤ ምቾት ደግሞ ችግር ሲመጣ በቀላሉ የሚቀነስ ነው።

ችግሩም በጥቅምት 1973 መጣ። የዐረብ አገሮች ነዳጅ እንዳይሸጥ ባገዱ ጊዜ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። መስኮታቸው የማይከፈት የመስተዋት ሕንፃዎች ከውጭ የሚስቡትን አየር ቀነሱ። በ1981 የወጣው የመሐንዲሶቹ ደንብ ትንባሆ በማይጨስበት ቢሮ ለአንድ ሰው 5 ኪዩቢክ ጫማ ብቻ ፈቀደ። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በሰዓት 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ በዚህ ልክ የጋዙ መጠን ከውጭው አየር ከሺህ ሁለት እጅ ያህል ይበልጣል፤ ይህም የፔተንኮፈርን ወሰን እጥፍ ያልፋል።

በዚያው ዘመን ፎርማልዴሃይድ የሚያወጣ የተጨመቀ እንጨት፣ ሙጫና ሰው ሠራሽ ምንጣፍ በቢሮዎች በዝቶ ነበር። እድፉ ሲጨምር የሚጠርገው አየር አነሰ። ሠራተኞች ራስ ምታትን፣ የዐይን መቈጥቈጥንና ድካምን ሲናገሩ፣ ከሕንፃው ሲወጡም ሕመሙ ሲተዋቸው፣ አንዳንዶች የመንፈስ ጭንቀት ነው በማለት ተከራከሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚቴ ግን በ1984 ባቀረበው ዘገባ፣ ከአዲስና ከታደሱ ሕንፃዎች እስከ 30 ከመቶ የሚደርሱት እንዲህ ያለ አቤቱታ ሊነሣባቸው እንደሚችል ገመተ።

በ1989 ደንቡ ተሻሽሎ ለቢሮ 20 ኪዩቢክ ጫማ ሆነ። ቍጠባውም በሌላ መንገድ ተፈለገ፤ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው የሚያስረክብበት መሣሪያ ተስፋፋ፤ በአዳራሽ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለካ ማናፈሻውን የሚያዝ መሣሪያም የጥንቱን የፔተንኮፈር ምስክር ወደ ሥራ መለሰው። ነገር ግን ይህ ምስክር ስለ ሰው እንጂ ስለ ሙጫና ስለ ምንጣፍ አይናገርም። ስለዚህ ከ2004 ጀምሮ ደንቡ የአየሩን ልክ ከፍሎ፣ አንዱን በሰው ቍጥር፣ ሁለተኛውን በወለሉ ስፋት አደረገው።

የኮሮና ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ፣ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር፣ ማለት በደቂቃ 21 ኪዩቢክ ጫማ ያህል መከረ። ቢሊንግስን ያሳሰበው የበሽታ ነገር እንደ ገና የደንቡ መነሻ ሆነ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው፦ የነዳጁ ወጪ በሕንፃው ባለቤት መዝገብ ይጻፋል፤ የአየር ማነስ ዋጋ ግን በሠራተኛው ገላ ላይ ይቀራል። ልኩን የሚወስኑ ሰዎች ሁለቱን መዝገቦች አንድ ላይ ካልመረመሩ፣ ቍጠባ የተባለው ዕዳን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ይሆናል።