የኪልዋው ሱልጣንና የየመኑ ፈቂር

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን በደቡብ ታንዛኒያ ወደምትገኘው ኪልዋ ይወስደናል።

እዚያ የሕንድ ውቅያኖስ ወደ የብስ ጠልቆ ይገባል፤ መርከቦች ከማዕበል ይጠለሉበታል። ከደሴቶቹ አንዷ ኪልዋ ኪሲዋኒ ናት። በስተደቡቧ አምስት መስጂዶች የነበሯት ሶንጎ ምናራ ትገኛለች። የሁለቱም ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኪልዋን ያበለጸጋት ከሶፋላ የሚመጣው ወርቅ ሲሆን፣ ፖርቱጋሎች በ1505 ከተማዋን የዘረፉትም ይህንኑ ፈልገው ነው። በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራው ታላቁ መስጂዷ ግን ጉልላቶቹ ከፊል ፈርሰው እስከ ዛሬ አለ።

ኢብኑ በጡጣ በ1331 ሲደርስ ሱልጣኑ አል-ሐሰን ኢብኑ ሱለይማን ነበሩ። ከቸርነታቸው የተነሳ «አቡል መዋሂብ»፣ የስጦታዎች አባት ይባላሉ። መዝሀባቸውም እንደ ሐረሮች ሻፊዒይ ነው። አንድ ጁሙዓ ከሶላት ሲመለሱ አንድ የየመን ፈቂር መንገድ ላይ ጠብቆ የለበሱትን ልብስ ለመናቸው። ሱልጣኑ ወደ ኸጢቡ ቤት ገብተው ሌላ ለበሱና ያንን ሰጡት። ፈቂሩ በጨርቅ ቋጥሮ በራሱ ተሸክሞት ሄደ። ሱብሓነላህ! ስንት ባለሥልጣን እንዲህ ያደርጋል?

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ልጃቸው ልብሱን አስመልሶ ለፈቂሩ በምትኩ አሥር ባሪያዎች ሰጠው። ሱልጣኑም የሕዝቡን ምስጋና ሲሰሙ አሥር ባሪያዎችና ሁለት ጭነት የዝሆን ጥርስ ጨመሩለት። ሃያ ነፍስ! የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም።

ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ይጠይቁናል፤ መጠየቅም አለባቸው። ዘመኑ እንዲያ ነበር ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቁርኣን ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱን በባርነት ላሉት ነፃ መውጫ አድርጓል። ኸጢቡም ፈቂሩም ይህን አያት ያነበቡ ሰዎች ነበሩ።

ንግዱም አላቆመም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደሴቲቱ በስተሰሜን ያለችው ኪልዋ ኪቪንጄ ከመሀል አገር እየተነዱ የሚመጡ ሰዎች የሚጫኑባት ትልቅ ወደብ ሆነች። የዛንዚባሩ ሱልጣን በርጋሽ በባሕር የሚካሄደውን የባሪያ ንግድ የከለከሉት በ1873 ነው፤ ያውም እንግሊዞች አስገድደዋቸው።