ከራቤል እስከ ባቄሎ

በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር በሰሜን ሸዋ በግሼ፣ በራቤል ሰማይ ላይ እህል የጫኑ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው መብረር ጀመሩ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶችና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛሎች ነበሩ። ከመሬት በጥቂት ሜትር ከፍታ እያለፉ ጆንያውን ይለቁታል፤ እህሉ እንዳይበተን ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርቦበታል። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም በዚሁ ሥራ ተሰልፈው ነበር። የዚያን ዘመን ረሃብ ስናነሣ ቶሎ ትዝ የሚሉን ኮረምና መቀሌ ናቸው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ግን እህል ከሰማይ እስኪወረወርለት ድረስ ተርቦ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከሰማይ ከወረደው እህል ጋር አብሮ የደረሰ ሌላ ነገር አለ፤ ሠፈራ። ደርግ ኅዳር 1977 ላይ የጀመረው ዘመቻ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ያቀደ ነበር። ሥራው የወደቀው በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንና በገዢው ፓርቲ በኢሠፓ ካድሬዎች ትከሻ ላይ ነው። በኮሚሽኑ ስም ውስጥ «ማቋቋሚያ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። የወደቀን ሰው በእግሩ ማቆም ማለት ነው። መንግሥት ቤትና ንብረት ላጣ ዜጋው ከዚህ የበለጠ ቃል ሊገባ አይችልም። ጥያቄው ቃሉ በተግባር ምን ሆነ የሚለው ነው።

ለመንዜ፣ ለዚያው ለሰሜን ሸዋ ደገኛ፣ መቋቋም ምን ነበር? ቤቱን በድንጋይ ይሠራል፤ በጓሳ ሣር ይከድነዋል። ሣሩ የሚታጨደው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሰፋው ከጓሳ ሜዳ ነው። ሜዳውን አባቶች ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ሕዝቡ በሥርዓት ገብቶ ያጭድ ነበር። ከዚያው ሣር ገመድ ይገመዳል፤ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሠራል። ቤቱ የሚቆምበት መሬት ደግሞ ርስት ነበር። በአባቱም በእናቱም ወገን ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ አላቀርበውም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በአብዛኛው ከበር ውጭ ያስቀረ፣ ወንድማማች የሚያሟግት፣ መሬቱን እያደር የሚሸራርፍ ነበር። ሆኖም የአቅኚው ዘር የሆነ ሰው ምን ቢደኸይ «የት ልግባ?» የሚል አልነበረም። ጎጆ መውጣት ስንልም የምናስበው ጣራና ግድግዳውን ብቻ አይደለም፤ በሬውን፣ መሬቱን፣ ጎረቤቱን፣ የሚቀበሩበትን ደብር ጭምር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ የጓሳ ሜዳ የጥበቃ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ መሬት ላልነበረው ትልቅ ነፃነት ነበር። መሬት የመንግሥት ከሆነ ግን ባለመሬቱን ከሥፍራው የማንሣት ሥልጣንም የመንግሥት ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሠፈራው ዘመቻ የተራመደው በዚህ በተጠረገ መንገድ ላይ ይመስለኛል።

በ1978 ዓ.ም. ዘመቻው ሲገታ 600 ሺህ ያህል ሰው ተጓጉዟል፤ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን። መተከል፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ጎጆ እንዲሠሩ ወደ ጋምቤላና ፓዌ ዘመቱ። ሰፋሪው ጎጆና ቀለብ ተሰጠው፤ የጋራ እርሻውን ትራክተር አረሰለት። በጣሊያን ገንዘብ በተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ መንገድና ሆስፒታል ተሠራ። ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ብርድ የለመደ ደገኛ ወባ ካለበት ቆላ ወረደ። ከብቱን ገንዲ ፈጀው። በፈቃዱ የሄደ ቢኖርም ካድሬው ኮታ ለመሙላት ከገበያና ከእህል ማደያ እያፈሰ የጫነው ብዙ ነው፤ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያየ። ይህን በግልጽ የተናገረው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በዚያው ዓመት የኮሚሽኑ ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከድተው ውጭ ቀሩ። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ጎጆውንም ትራክተሩንም ትተው ወደ ትውልድ ቀያቸው አቀኑ። ቤት ለተሰጠው ሰው ይህ እንግዳ ጠባይ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ጎጆው የእነሱ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ኢሕአዴግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሠፈራን ሲያነሣ ከዚህ የተማረ መስሎ ነበር። ዕቅዱ 440 ሺህ አባወራዎችን፣ 2.2 ሚሊዮን ሰው ያህል የሚመለከት ነው። በፈቃድ ይሁን፤ ሰው ከክልሉ አይውጣ፤ ለእያንዳንዱ እስከ ሁለት ሄክታር ይሰጠው፤ የጥንት መሬቱም እስከ ሦስት ዓመት ይጠበቅለት ተባለ። አፈጻጸሙ ብዙ ቢነቀፍም ይህችን የሦስት ዓመት ዋስትና አደንቃለሁ። ለሰፋሪው የመመለሻ በር ትታለት ነበርና። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም መንዝና ግሼን ሲደርስ የተሻለ መንገድ አሳየ። ገበሬው ቤቱ ሳይፈርስ፣ እዚያው በቀዬው ሳለ፣ ለሠራው ሥራ እህል ወይም ብር ይቀበላል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ዞሮ መጣ። ከወለጋ በግፍ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን ገቡ፤ ባቄሎና ቻይና ካምፕ የተባሉት መጠለያዎች በሸራ ተሞሉ። ከእነዚህ መካከል ወላጆቻቸው በ1977ቱ ሠፈራ ከወሎ የሄዱ አሉ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜን ሸዋዋ አጣዬ ተቃጠለች። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሞላሌና መዘዞ ሲደርስ መንዜውም ራሱ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በ2016 ዓ.ም. ተፈናቃዮችን ወደ ምሥራቅ ወለጋ መመለስ ሲጀመር፣ ለሕይወታችን ዋስትና የለንም ብለው የሠጉ ነበሩ።

ሕግ ስለጠፋ ነው እንዳይባል ሕጉ አለ። የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ ያጸደቀውን የተፈናቃዮች ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ተቀብላለች። ስምምነቱ ተፈናቃይ ወደ ቀዬው መመለስን፣ ባለበት መኖርን ወይም ሌላ ቦታ መስፈርን በገዛ ፈቃዱና አውቆ እንዲመርጥ ያዛል። መሣሪያውም አለን። የአማራ ክልል ለገበሬው የሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ፎቶ ያለበት ነው።

ስለዚህ የክልሉም የፌዴራሉም ኃላፊዎች ወደ ባቄሎ አውቶቡስ ከመላካቸው በፊት ጸሐፊ ይላኩ። እያንዳንዱን አባወራና እማወራ «የት መኖር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን በስማቸው ይመዝግብ። እዚሁ እንቀራለን ላለው የቤት መሥሪያ ቦታና ደብተር ይሰጠው። እንመለሳለን ላለው ደግሞ ጥበቃው ከእርሱ ቀድሞ ይድረስለት።